ድሬሰር ጨመዳ ያፈረበት ክረምት

በነቀምት ጨመዳን የማያውቅ አልነበረም። ሥራው በከተማው ክሊኒክ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት፣ ድሬሰርነት ነው። ገጠሬው ግን ድሬሰርና ዶክተር የሚለይበት ምክንያት ስላልነበረው «ዶክተር» ይለው ነበር፤ እሱም አላረመም። ነጭ ካፖርቱን ሚስቱ የሺአረግ በየማለዳው በከሰል ካውያ ትተኩስለታለች። ጫማው ክረምት ከበጋ ያበራል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ በኦሮምኛ ሲጀምርለት በአማርኛ ይመልስና፣ አስተርጓሚ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ዝም ይላል። ዘበኛው ይህን አይቶ ማስተርጎም ጀመረ፤ ጨመዳም ሳያፍር በአስተርጓሚ ይሰማ ነበር።

ትውልዱን ሲጠይቁት «ከዲጋ ወዲያ ነኝ» ብሎ ያልፋል። ከዲጋ ወዲያ የት፣ የማን ልጅ፣ በማን መሬት ላይ የተወለደ፣ አይልም። በልጅነቱ አንድ የሚሲዮን ሰው ወስዶ አስተምሮት፣ አዲስ አበባ ሄዶ የሕክምና ረዳትነት ተምሮ ተመለሰ። የሺአረግን ሲያገባ አባቷ ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አሥር ዓመት አብራው ስትኖር ስለ እናቱ የምታውቀው ከብዙ ጊዜ በፊት መሞታቸውን ብቻ ነው።

በ1951 ዓ.ም. ክረምቱ አለቅጥ በረታ። ወለጋ ዝናብ አይፈራም፤ የዚያን ዓመቱ ግን ከግንቦት ጀምሮ እንደ ተቀደደ ስልቻ ሆነ። በሰኔ መጨረሻ ላይ በሽታ ገባ። ሰውን ሰባት ቀን ያህል እንደ እሳት አንድዶ ይለቀዋል፤ ድኛለሁ ብሎ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር በሳምንቱ ተመልሶ ይጥለዋል። ሰዉ «ግርሻ» አለው። ጨመዳ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፦ ከቅማል። ቅማሏ ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ትሻገራለች፣ በሽታውንም ይዛ ትሻገራለች። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው፤ እውነትም ነው።

ከጠቅላይ ግዛቱ ጤና ክፍል ቅጽ መጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የበሽታው ምክንያት የሚል። ጨመዳ በመጨረሻው ቦታ ላይ «የንጽሕና ጉድለት» ብሎ መጻፍ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ስልሳ ጊዜ ጻፈው። በሁለተኛው ሳምንት እጁ ራሱ ይጽፈው ጀመር። ከቅጹ ጋር የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ሕዝቡ በገበያ ቀን ስለ ንጽሕና እንዲመከር ያዝዛል።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ጨመዳ ገበያው መሐል የላምባ ሳጥን ላይ ቆመ። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ብሏል። ያን ቀን በኦሮምኛ ነው የተናገረው፤ ያለዚያ የሚሰማው የለም። ስለ ቅማልና ስለ ትኩሳቱ አስረዳ። ሰዉ ያዳምጣል፣ ግን ወሬውን ከገበያው ጋር እየቀላቀለ ነው፤ አንዱ ዶሮ ይዞ፣ ሌላው ጨው እየቀመሰ። ይህ አናደደው። ከፊቱ አንዲት የማገዶ ሸክሟን አስደግፋ የቆመች ሴት አየ። ድርቤ ትባላለች፤ ከገበያው ቁልቁል ካለው ሰፈር ሆና እንጨት እየለቀመች የምትሸጥ ናት። አቡጀዴ ቀሚሷ ነጭ የነበረ መሆኑን የሚያውቅ በገዛችበት ቀን ያያት ሰው ብቻ ነው።

«ነይ እስቲ» አላት።

መጣች። ሐኪም ጠርቶት እምቢ የሚል የለም። ጨመዳ መቆንጠጫውን ከኪሱ አወጣና የቀሚሷን አንገትጌ ገለበጠው። በስፌቱ ውስጥ የተደረደሩትን ቅማሎች አንድ በአንድ እየለቀመ ነጭ ወረቀት ላይ አኖራቸው፤ ከዚያም ወረቀቱን ለሕዝቡ ዞር ዞር አድርጎ አሳየ። ያን ጊዜ ገበያው ጸጥ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ተጠጋ።

«እንዶዱ በየአጥሩ ተንጠልጥሏል፣ ውሃው ከሰማይ ይወርዳል» አለ ጨመዳ። «ለሁለቱም ዋጋ አትከፍሉም። እንግዲህ ይሄ ስንፍና ካልሆነ ምን ይባላል?»

ሰዉ ሳቀ። የሳቁት አብዛኞቹ እጃቸውን ወደ ገዛ አንገትጌያቸው ሰድደው ነበር። ድርቤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። አንገትጌዋን መለሰችና እንጨቷን አዝላ ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ወረደች። ጨመዳ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለየሺአረግ ትምህርቱ እንዴት እንደ ያዘ ነገራት።

የያዘም መሰለ። በሳምንቱ ክሊኒኩ የመጡት በትኩሳት የተያዙ ሰዎች አርባ ሆኑ፤ በቀጣዩ ሃያ፣ ከዚያ ዘጠኝ። ጨመዳ ቁጥሩን ወደ ላይ ላከ። የጤና ክፍሉ ተቆጣጣሪ አቶ እሸቱ፣ ጨዋና ሥራ ወዳድ የመንዝ ሰው፣ በማኅተም የተደገፈ የምስጋና ደብዳቤ ሰደዱለት። ጨመዳ ደብዳቤውን መርፌ መውጊያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ደብዳቤው በተለጠፈ በአራተኛው ቀን ኦቦ ዋቅወያ መጡ። ኦቦ ዋቅወያ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ወንዶቹን ለቁፋሮ የሚያሰማሩት እሳቸው ናቸው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ጨመዳ ወንበር ሰጣቸውና የታመሙ መስሎት የት እንደሚያማቸው ጠየቀ።

«እኔን አላመመኝም» አሉ። «በዚህ ሳምንት አምስት ሰው ቀበርኩ። አምስቱንም የገደለው ይሄው ግርሻ ነው።»

ጨመዳ አላመናቸውም። በሽታው እየጠፋ መሆኑን፣ ዘጠኝ ሰው ብቻ መምጣቱን፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ እንዳለ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አንተ ዘንድ የሚመጣው ነው የጠፋው፣ ልጄ» አሉት። «በሽታውማ አለ። በሽታውን ከአንተ ደብቀውታል።»

«ለምን ይደብቁታል? መድኃኒቱ እኔ ዘንድ አይደል?»

«አንገትጌያቸውን እንዳትገለብጥባቸው ነዋ።»

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው። ተነሥተው ወጡና በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ የድርቤ ባል ኩማ ለሁለተኛ ጊዜ መውደቁን፣ ቢያየው መልካም እንደሆነ ነገሩት።

ጨመዳ መርፌውን ይዞ በዝናብ ወረደ። በመንገዱ ሁሉ ራሱን ይከላከል ነበር፦ ለነሱ ብዬ ነው፤ የተናገርኩት እውነት ነው፤ እውነት ሲነገረው የሚኮርፍ ሰው ምን ይደረጋል። የድርቤ ጎጆ ደጃፍ ሲደርስ ድምፁን አሰምቶ ተጣራ። ከውስጥ የሴት ድምፅ «አትግባ» አለው። በሽተኛ ሊደብቁት መሰለው። «እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ» አለና የሳንቃውን በር ገፋው።

ቤቱ በጢስ ታፍኗል። ከእሳቱ በላይ በተዘረጋ ልጥ ላይ ያቺ ቀሚስ ተሰቅላ ትንጠባጠባለች። ነጣ ብላለች፤ በእንዶድ በደንብ ታጥባለች። ከሥሯ ድርቤ ተቀምጣለች። ሰውነቷን የሸፈነችው በቡና ጆንያ ነው፤ በጆንያው ላይ የነጋዴው ምልክት በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ጉልበቶቿንና ትከሻዎቿን ለመሸፈን አልበቃትም፤ አንዱን ስትሸፍን ሌላው ይወጣል። በጥጉ ኩማ ቁርበት ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎኑ ሁለት ሕፃናት በአንድ አሮጌ ቡሉኮ ተጠቅልለዋል።

ጨመዳ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እግሩ ግን አልወጣም።

«አጥቤዋለሁ» አለች ድርቤ ከጀርባው። «እንዳልከው አጥቤዋለሁ። ከታጠበ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አልደርቅ አለ። እሱ ካልደረቀ እንጨት አልሄድም። እንጨት ካልሄድኩ እነዚህ የሚበሉት የለም። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።»

ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም። ያዘዛትን ፈጽማ፣ ያላለቀበትን ምክንያት የምታስረዳ ሰው ድምፅ ነው። ጨመዳ ትዝ ያለው በወረቀት ላይ የደረደራቸው ቅማሎች ሳይሆኑ የሕዝቡ ሳቅ ነው። ካፖርቱን አውልቆ ወደ ኋላው ዘረጋላት። አልወሰደችውም። «ነጭ ነው፣ ይቆሽሽብሃል» አለችው።

መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ኩማን ያየው በጎኑ እየሄደ፣ ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ ነው። ሰውየው ከተማው ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ሥራ በዛ ሲባል ከሌሎች አሥራ ሦስት ሰዎች ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛል፤ ብርዱ ስለሚጠና ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ጋቢ ይለብሳሉ። በሽታው የመጣው ከዚያ ነው። ከአሥራ አራቱ ስድስቱ ታመዋል፤ ነጋዴው የታመሙትን ወደየቤታቸው ሰድዶ በቦታቸው ሌሎች አስገባ። ይህን ሁሉ ኩማ በተቆራረጠ ቃል ሲነግረው ጨመዳ እየሰማ መርፌውን ወጋው። ጉበቱ አብጧል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ አንድ መርፌ ይበቃው ነበር።

ሲወጣ ድርቤን ሳያይ፣ ለምን ቀደም ብለው እንዳላመጡት ጠየቃት። መልሱን ያውቀዋል፤ ምናልባት ሌላ ምክንያት ትሰጠኝ ይሆናል ብሎ ነው።

«በዚያ ቀሚስ ካንተ ፊት እንዴት ልቁም?» አለችው።

ኩማ በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ጨመዳ ቀብሩ ላይ ተገኘ። ሰዎቹ አልሰደቡትም። «አካም ጅርታ፣ ዶክተር» እያሉ በትሕትና ሰላም አሉት፣ ጭቃ ከሌለበት ቦታ አቆሙት። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ድርቤ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች፤ ቀሚሷ ገና አልደረቀም፣ ከጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ደራርቱ የምትባል ጎረቤቷ የራሷን ጋቢ ግማሹን ደርባላታለች።

ያን ቀን ከቀብር ሲመለስ ነው እናቱ ትዝ ያሉት። ትዝ አሉት ማለት አይቀናም፤ ተረስተው አያውቁም፣ ተከልክለው ነው የኖሩት። እናቱም አንድ ልብስ ነበረቻቸው። በወር አንዴ ወንዝ ወርደው ያጥቡና ልብሱ ቁጥቋጦ ላይ እስኪደርቅ ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እሱ ሰው እንዳይመጣ መንገዱን ይጠብቃል። በክረምት አያጥቡም። ለምን እንደማያጥቡ ለጨመዳ የነገረው መጽሐፍ የለም፤ እሱ ግን ከመጽሐፉ በፊት ያውቀው ነበር። አውቆ ነው ገበያ ላይ የቆመው።

ከዚህ የባሰም ነበረ። ክሊኒኩ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት እናቱ ከዲጋ በእግራቸው መጥተው ነበር፤ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው፣ በባዶ እግር፣ ያችኑ ልብስ ለብሰው። ጨመዳ ከአዲስ አበባ ከመጡ እንግዶች ጋር በረንዳው ላይ ቆሟል። አንደኛው «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» ሲል፣ ጨመዳ «በሽተኛ ናቸው» አለ። እናቱ አማርኛ ብዙ አይሰሙም፣ «በሽተኛ» የሚለውን ግን ያውቁታል። ሄደው ከበሽተኞቹ ሰልፍ መጨረሻ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ እንግዶቹ አሁንም እዚያው ነበሩ። ልጃቸውን ቀና ብለው አይተው «እግሬን ነው የሚያመኝ» አሉት። ቅባት ሰጣቸው። ቅባቱን ይዘው ዲጋ ተመለሱ። እዚያም ለጎረቤቶቻቸው «ልጄ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ አየኝ» ብለው መናገራቸውን የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሞቱ ጊዜ ነው።

ይህን ለየሺአረግ ነገራት። ቆማ ካውያውን ታራግብ ነበር፤ አስቀምጣው ሰማችው። እናቱ ምን ይባሉ እንደነበር ጠየቀችው። «ጫልቱ» አላት። አሥር ዓመት ሙሉ ስማቸውን እንኳ አልነገራትም ነበር። የሺአረግ ካፖርቱን ሳትተኩስ አጥፋ አስቀመጠችው። ለሦስት ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላነጋገረችውም፤ እሱም ይገባኛል ብሎ ተቀበለው።

በነዚያ ቀናት ቅጾቹን እንደ አዲስ ጻፈ። ቤት ለቤት ዞሮ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ተጣርቶ፣ ግባ ሲባል ብቻ እየገባ። «የንጽሕና ጉድለት» ይል በነበረበት ቦታ «መለወጫ ልብስ የለውም»፣ «ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል»፣ «ታሞ ከሥራ ተሰናብቷል፣ የሚበላ የለውም» ብሎ ጻፈ። መቶ አርባ ያህል ነበሩ። አቶ እሸቱ ዘንድ ራሱ ወሰዳቸው።

አቶ እሸቱ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አነበቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ውሸት ነው አላሉም። የጤና ክፍሉ መድኃኒት ሊሰጥ እንደሚችል፣ ቀሚስና ቤት ግን ሊሰጥ እንደማይችል፣ ይህ ወደ ላይ ቢሄድ ነጋዴውንና ባለመሬቱን ሁሉ የሚከስ እንደሚመስል አስረዱት።

«የዚህ ቅጽ ቦታው ለበሽታ ምክንያት ነው፣ አቶ ጨመዳ» አሉ። «እርስዎ የጻፉት የድህነት ምክንያት ነው።»

«ልለያቸው አልቻልኩም፣ ጌታዬ» አለ ጨመዳ።

ቅጾቹ ወደ ላይ አልሄዱም። ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ።

ጨመዳ ከክሊኒኩ ጀርባ የሣር ዳስ አቆመ። ከመንገድ ሥራ የተረፈ በርሜል ለምኖ አመጣ፤ ልብስ በፈላ ውሃ ሊቀቅልበት። ከእሳቱ ዙሪያ ልብስ የሚደርቅበት ቆጥ ሠራ። የቀረው ሰዉ እስኪደርቅለት የሚለብሰው ነገር ነው። የሺአረግ ያን ጊዜ ነው ወደ ነገሩ የገባችው። አቡጀዴ ገዝታ፣ ጸሐይወርቅ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋን ጠርታ፣ እጀ ሰፊ ልብስ በልክ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሆን ሰፉ። አሥራ ሁለት ሆነ።

አንድም ሰው አልመጣም። በርሜሉ ሁለት ቀን ሙሉ ለብቻው ፈላ። ማገዶው አለቀ። ጨመዳ ለምን እንደማይመጡ ጠየቀ አይባልም፤ ያውቀዋል። ልብሱን አውልቆ ለእሱ የሚሰጥ ሰው፣ ልብሱ ገበያ ላይ እንደማይገለበጥ በምን ያውቃል?

በቅዳሜው ወደ ገበያ ሄደ። ሳጥኑን አልወሰደም። የእንጨት ሻጮቹ ተራ ጫፍ ላይ መሬት ቆሞ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ፣ በኦሮምኛ መናገር ጀመረ። ስለ ቅማል ምንም አላለም።

«እናቴ ጫልቱ ትባላለች» አለ። «ከዲጋ ወዲያ የሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበረች። አንድ ልብስ ነበራት። በክረምት አታጥበውም ነበር፣ ስለማይደርቅ። ሰነፍ አልነበረችም። እኔ ይህን እያወቅሁ እዚህ ቆሜ አንዲት ሴት አዋረድኩ። ያዋረድኩት እናቴን ጭምር ነው። የሰማችሁትን እርሱት አልልም። ዳሱ ግን አለ፣ እስኪደርቅ የምትለብሱት አለ፣ እሳቱን እኔ ነኝ የማነደው።»

ሰዉ አልሳቀም፣ አላጨበጨበም። አንዳንዱ መሬት መሬቱን ያያል፤ ሰው ሲያፍር ማየትም ያሳፍራል። ቀስ በቀስ ወደ ጨውና ወደ ዶሮው ተመለሰ።

ሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ፦ ኦቦ ዋቅወያ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡት፤ የየሺአረግን እጀ ሰፊ ለብሰው እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ማክሰኞ አራት ሰው ሆነ። በነሐሴ መጨረሻ በቀን ሠላሳ ሰው ይመጣ ነበር። የታመመውም አብሮ መምጣት ጀመረ፤ በጊዜ መርፌ ያገኘው አብዛኛው ዳነ። በመዝገቡ ላይ ግን በሽታው እንደ ገና የተነሣ መሰለ፤ ከዘጠኝ ወደ ሰባ አለና። አቶ እሸቱ መጥፎ ዜና ነው ብለው ማብራሪያ ጠየቁ። ጨመዳ የፊተኛው ቁጥር ውሸት እንደነበረ፣ ውሸቱም የሱ እንደሆነ ጻፈላቸው፤ የምስጋናውንም ደብዳቤ ከግድግዳው ላቅቆ አብሮ መለሰው።

ድርቤ የመጣችው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። የልጆቿን ቡሉኮ ይዛ መጥታ ለየሺአረግ ልትሰጥ ፈለገቻት፤ የሺአረግ አልነበረችም። ጨመዳ በርሜሉን እየቆሰቆሰ ነበር። ተነሣና ዱላውን ጣለ።

«አዴ ድርቤ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

ጥቂት አየችው። «ኩማን በጤናው ታውቀው ነበር?» አለችው።

«አላውቀውም።»

«ደግ ሰው ነበር» አለች። ቡሉኮውን በርሜሉ አጠገብ አኖረችና «ውሃው ፈልቷል» አለችው። ጨመዳ ቡሉኮውን አስገባ። እስኪደርቅ ድረስ እሷ ከዳሱ ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ይቅር ማለቷን ወይም አለማለቷን በዚያም ቀን፣ ከዚያም በኋላ አላወቀም። ሁለተኛም አልጠየቃትም፤ መጠየቁ ራሱ ሌላ ሸክም እንደ መጫን መሰለው።

ዳሱ ሁለት ክረምት አገለገለ። በሦስተኛው ጣሪያው ሰመጠ፤ በጀት የለም ተባለ። ቡና ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ማስተኛቱን አልተወም። ጨመዳ በየዓመቱ እንዲያ ያለ ቅጽ እየጻፈ ሲያስቸግር በ1955 ወደ ሲሬ ተዛወረ። ዕድገት አይደለም፤ እሱም ዕድገት አልጠበቀም።

ሲሬ በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ የሚበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ጨመዳ በሽተኛን በቋንቋው የሚያነጋግር፣ በአስተርጓሚ የማይሠራ ሐኪም ተብሎ ታወቀ። ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው ከመድኃኒቱ በፊት፣ ስንት ሆነው እንደሚተኙ፣ ትናንት ምን እንደ በላ፣ መለወጫ እንዳለው ይጠይቀዋል። ሁልጊዜም ሲጠይቅ ጎንበስ ብሎ፣ በሰልፉ የተቀመጠው ቀጣዩ ሰው በማይሰማው ድምፅ ነው።